የሥራ ባልደረባን ሕማም ስለ መካፈል

በሀገራችን አንድ ሰው በመንገድ ሲሄድ እንቅፋት የመታው እንደ ሆነ፥ ያየው ሁሉ፥ የሚያውቀውም የማያውቀውም፥ «እኔን!» ይለዋል። ይህች ቃል አጭር ትሁን እንጂ የተሸከመችው ነገር ታላቅ ነው። «አንተን የመታህ ድንጋይ እኔን ይምታኝ፤ ሥቃይህ በእኔ ይሁን» ማለት ናት። እናት ለልጇ ትላታለች፤ ሽማግሌው ለማያውቀው ሕፃን ይላታል፤ ገበያተኛዋም ሸክም ለጣለው መንገደኛ ትላታለች። ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረንም፤ ከእናቶቻችን አፍ ሰምተን ያደግንባት ናት።

ነገር ግን ይኸው ደግ ሕዝብ ከመንገድ ወደ ሥራ ቤቱ በገባ ጊዜ ይህችን ቃል ከደጅ ጥሎ የሚገባ ይመስላል። በአንድ ክፍል አብሮት የሚሠራው ሰው ሒሳብ ሲሳሳት፥ ደብዳቤ ሲያዘገይ፥ ጠዋት አርፍዶ ሲገባ «እኔን!» የሚለው ጥቂት ነው፤ «ይበለው!» የሚለው ግን ብዙ ነው። አንደበቱ ባይለው ልቡ ይለዋል፤ ልቡም ባይለው ለሦስተኛ ሰው በሚያወራው ወሬ ይለዋል። የእግር እንቅፋት የሚያሳዝነን፥ የሥራ እንቅፋት ግን ደስ የሚያሰኘን ስለ ምንድን ነው?

ምክንያቱን ብንመረምር ሩቅ አይደለም። በመንገድ የወደቀው ሰው ከእኛ ጋር የሚሻማው እንጀራ የለውም። አብሮን የሚሠራው ግን በአንድ የደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ከስማችን በላይ ወይም በታች ተጽፎአል። እርሱ ቢወድቅ ቦታው ይለቀቃል፤ እርሱ ቢነቀፍ እኛ የተመሰገንን ይመስለናል። በዚህም ላይ መንገደኛውን የምናየው ለቅጽበት ሲሆን ባልደረባችንን የምናየው ዕለት ዕለት ነው። የሀገራችን የሠራተኛ ሕግ መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኖአል። ይህን ያህል ሰዓት ከገዛ ቤተ ሰቡ ጋር ነቅቶ የሚውል ሰው ስንት ነው? እንግዲህ ክርስቲያን ርኅራኄው የሚፈተንበት ቦታ ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 18 ዐሥር ሺህ መክሊት ዕዳ ስለ ተተወለት ባሪያ ያስተማረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ይቅርታ ነው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ያ ሰው ከንጉሡ ፊት ወጥቶ ያነቀው ማንን እንደ ነበረ ልብ እንበል። ባዕድ ወይም ጠላት አልነበረም፤ በአንድ ጌታ ቤት አብሮት የሚያገለግል ባልንጀራው ነበር፤ በዛሬው ቋንቋ ባልደረባው ነበር። የባልደረባው ዕዳ መቶ ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ መሆኑ ከዚያው ወንጌል ከምዕራፍ 20 ይታወቃልና፥ መቶ ዲናር የመቶ ቀን ድካም ነው፤ የሚናቅ አይደለም። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ስለ ሆነ ግን የፊተኛው ዕዳ የ60,000,000 ቀን ዋጋ ይሆናል። ጌታችን «ባልንጀራህ ምንም አልበደለህም» አላለም፤ የባልንጀራችን ጥፋት እውነተኛ ጥፋት ሊሆን ይችላል። እጅግ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ዕዳተኞች የለመኑት ልመና አንድ ዓይነት ነው። ያ ባሪያ ጥቂት ቀደም ብሎ በንጉሡ ፊት ተደፍቶ ያቀረበውን ልመና ባልንጀራው እግሩ ሥር ወድቆ ሲደግምለት የገዛ ድምፁን አላወቀውም።

በምዕራፍ 20 ስለ ወይኑ ሥፍራ ሠራተኞች የተነገረውም እንዲሁ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የሰዓት አቆጣጠራችን ከወንጌሉ ጋር ስለሚስማማ፥ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲባል ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ብቻ እንደ ቀራት ለማንም ማስረዳት አያሻንም። ከማለዳ ጀምሮ የሠሩት በዐሥራ አንድ ሰዓት በመጡት ላይ አንጐራጐሩ። የገዛ ድካማቸውንና የቀኑን ትኵሳት ቈጠሩ። ነገር ግን እነዚያ ቀኑን ሙሉ በአደባባይ የቆሙት የሚቀጥራቸው አጥተው እንደ ነበረ አላሰቡም። ሥራ ፈትቶ የዋለ አባት ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለች መጠን በቤት የሚጠብቁትን ልጆች እያሰበ ልቡ ምን ያህል እንደሚቃጠል ያልቀመሰው አያውቀውም። እርሱም ትኵሳት ነው፤ ከፀሐይ ትኵሳትም ይብሳል።

ታዲያ የሌላውን ሕማም ማወቅ ከምን ይጀምራል? ቅዱሳት መጻሕፍት ፊትን ከማየት እንደሚጀምር ያሳዩናል። ዮሴፍ በግብፅ እስር ቤት ሳለ፥ አብረውት የታሰሩት የጠጅ አሳላፊዎቹ አለቃና የእንጀራ አበዛዎቹ አለቃ አንድ ጠዋት አዝነው አገኛቸው፤ ፊታቸው ስለ ምን እንደ ጠቆረም ጠየቃቸው (ዘፍ. 40፥6-7)። ለማዘን ከሁለቱ ይልቅ ዮሴፍ የበለጠ ምክንያት ነበረው፤ ወንድሞቹ ሸጠውታል፤ በሐሰት ተከሶ ታስሮአል። ነገር ግን የገዛ ኀዘኑ የሰውን ፊት እንዳያይ አልጋረደውም። በነህምያ መጽሐፍም ንጉሡ አርጤክስስ የጠጅ አሳላፊውን የነህምያን ፊት አይቶ፥ ሳይታመም ማዘኑን አስተውሎ ጠየቀው (ነህ. 2፥2)። ብዙ አውራጃ የሚገዛ ንጉሥ ጽዋ የሚያቀርብለትን ሰው ፊት ለማየት ጊዜ አገኘ። ከዚያች ጥያቄ የተነሣ ነህምያ ወደ ኢየሩሳሌም ተላከ፤ የፈረሰውም ቅጥር በ52 ቀን ተፈጸመ። በሥራ ቤታችን አለቆች የሆንን ሰዎች ከሠራተኞቻችን የስንቱን ፊት አይተን ጠይቀናል? የምናየው የፊርማ መዝገቡን ነው።

የካህኑ የዔሊ ነገር ደግሞ ለእኛ ለካህናት የተጻፈ ይመስለኛል። ሐና ልቧ ተቃጥሎ በእግዚአብሔር ፊት ስታለቅስ ዔሊ አፏን ይመለከት ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ፥ ድምፅ ግን አልሰማም፤ ስለዚህ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት (1 ሳሙ. 1፥12-14)። ማየትስ አይቶአል፤ ያልጠየቀ መሆኑ ነው ያሳተው። ዔሊ የሚመሰገንበት ነገር ግን አለ፤ እርስዋ ኀዘኗን በነገረችው ጊዜ «አንዴ ተናግሬአለሁ» ብሎ በቃሉ አልጸናም፤ ወዲያው መልሶ በሰላም አሰናበታት፥ መረቃትም።

ስለ ኀዘን ካነሣን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሀገራችን ሰው ለቅሶ በመድረስ አይታማም። አንድ ባልደረባ ዘመድ የሞተበት እንደ ሆነ ሠራተኛው ሁሉ ገንዘብ አዋጥቶ፥ መኪና ተከራይቶ፥ ከድንኳኑ ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጠዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን የኀዘንን ጠባይ ስለምታውቅ በሣልስት ብቻ አታበቃም፤ ሰባቱን፥ አርባውን፥ ሰማንያውን፥ ሙት ዓመቱንም ታስባለች። ሰውየው ፈቃዱን ፈጽሞ ጥቁር ለብሶ ከጠረጴዛው ይመለሳል፤ የተከመረው መዝገብም ይጠብቀዋል። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ቁጥር ቢሳሳት «ምን ነካው?» እንላለን። ምን እንደ ነካው እኮ በድንኳኑ ውስጥ አይተን ነበር! ለቅሶ መድረሳችን በአንድ ቀን ተፈጽሞ የሚያድር ከሆነ፥ የደረስነው ለሰው ዓይን ነው እንዳይባል ያስፈራል። የኢዮብን ወዳጆች ብንነቅፋቸውም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት በምድር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ በጽሕፈት ቤት ላሉት ምእመናን ብቻ የተነገረ አይደለም። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ አይቀደስም፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት በአንድ መቅደስ ይቆማሉ፤ አንዱ ቢጐድል የሌሎቹ አገልግሎት ይታጐላል። ከዚህ የሚበልጥ የሥራ ባልደረባነት ወዴት አለ? ነገር ግን ታናሹ ዲያቆን ዜማ ሲስት በዓይኑ የሚገርፈውን፥ ከቅዳሴም በኋላ በቤተ ልሔም ስሕተቱን እያስመሰለ የሚያስቅበትን አላየንምን? ያ ልጅ ሌሊቱን በማን ቤት እንዳደረ፥ እራት በልቶ ይሁን ሳይበላ፥ የጠየቀው አለን? ወንጌል መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ የሚያዝዘው (ማቴ. 5፥23-24) መባ የሚያመጣውን ምእመን ብቻ ከሆነ፥ መባውን የሚቀበለው ካህን የት ሊቆም ነው? በገዳመ አስቄጥስ ከነበሩት ታላላቅ አበው አንዱን፥ በጸሎት ጊዜ የሚያንቀላፋ ወንድም ቢያዩ እንዲቀሰቅሱት እንደ ሆነ ጠየቁት። እርሱ ግን እንዲህ ያለውን ወንድም ባየ ጊዜ ራሱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደሚያሳርፈው ነገራቸው። ያ አባት ለጸሎት ቸልተኛ አልነበረም፤ የደከመ ሰው ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር እንጂ።

ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ አይደለም። አምላካችን ሁሉን የሚያውቅ ሲሆን፥ ሕማማችንን ከሰማይ ሆኖ በማወቅ ብቻ አልተወንም፤ ሥጋችንን ተዋሕዶ በእኛ ቦታ ቆመ። በናዝሬት የእንጨት ሥራ ሠራ፤ መንገድ ሄዶ ደከመና በሲካር ጕድጓድ አጠገብ ተቀመጠ፤ ተራበ፤ ተጠማ። ቅዱስ ጳውሎስም ወደ ዕብራውያን ሲጽፍ በድካማችን ሊራራልን የሚችል ሊቀ ካህናት እንዳለን የነገረን ስለዚህ ነው (ዕብ. 4፥15)። እርሱ ወደ እኛ ቦታ ከወረደ፥ እኛ ከአራት እርምጃ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ባልደረባችን ወንበር መሄድ ያቅተናልን?

አራት እርምጃ ያልሁት በምሳሌ አይደለም፤ በራሴ የደረሰ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሁኜ አገለግል ነበር፤ የአጥቢያውን ስም አልጠራም። ገንዘብ ያዡ በዕድሜ የገፉ ቄስ ነበሩ። በተከታታይ ሦስት ወር የደረሰኙ ድምርና የመዝገቡ ድምር አልገጥም አለ። አንድ ወር 50 ብር ጐደለ፤ በሚቀጥለው 500 ብር ተረፈ፤ በሦስተኛው 5 ብር ጐደለ። የሚሰርቅ ሰው ትርፍ እንደማያስገኝ እንኳ ለማሰብ አልታገሥሁም። ጠረጴዛቸው ከጠረጴዛዬ በአራት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር፤ ተነሥቼ «አባታችን፥ ምነው?» ብዬ አልጠየቅኋቸውም። በዚያ ፈንታ ቸልተኛ መሆናቸውን ገልጬ ለአስተዳዳሪው ደብዳቤ ጻፍሁ።

በዚያው ሰሞን ቄሱ ታመው ቤት ዋሉ፤ አስተዳዳሪውም ሥራቸውን ደርቤ እንድይዝ አዘዙኝ። በመጀመሪያው ቀን ከወንበራቸው ስቀመጥ መስኮቱ ከጀርባዬ ሆነ፤ የገዛ ጥላዬ በመዝገቡ ላይ ወደቀ። የደረሰኙ ሦስተኛ ቅጠል በካርቦን ተጽፎ ሊነበብ እስከማይችል ደብዝዞአል። የክርስትና ምስክር ወረቀት የሚፈልገው፥ ስለ ፍትሐት የሚጠይቀው፥ ስእለት ያመጣው፥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያናግረኛል። አንዱን የብር እስር ሦስት ጊዜ ቈጥሬ ሦስት ልዩ ልዩ ድምር አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ካርቦን ፍለጋ መሳቢያቸውን ብከፍት፥ በነጠላ ቍራጭ የተጠቀለለ አጉሊ መነጽር ከወረቀት ሥር ተደብቆ አገኘሁ።

ያን ጊዜ ልዩነቶቹን መልሼ አየኋቸው፤ 50፥ 500፥ 5። ደረሰኙንና መዝገቡን ጐን ለጐን አስቀምጬ ብፈልግ፥ በአንዱ ስፍራ 8 የነበረው 3 ሁኖ፥ በሌላው 3 የነበረው 8 ሁኖ ተጽፎአል። ሰውየው ቸልተኛ አልነበሩም፤ ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

ወደ አስተዳዳሪው ሄጄ ደብዳቤዬን እንዲመልሱልኝ ብለምን፥ ቁጥር ተሰጥቶት መዝገብ ቤት እንደ ገባ፥ ግልባጩም ለቄሱ እንደ ተላከ ነገሩኝ። በዚያው ማታ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አስቀመጡኝ፤ ቡና አስፈሉልኝ፤ ምንም አልተቈጡም። «ልጄ፥ ደብዳቤው ደርሶኛል» አሉኝ። «ማንበብ ስላቃተኝ ሴት ልጄ አነበበችልኝ። አንዲት ቃል ላይ ስትደርስ ዝም አለች። አንብቢው አልኋት፤ አነበበችው።» ስለ ምን ሳይናገሩ እንደ ቆዩ ብጠይቃቸው «ዓይኔ ደከመ ብል ከሥራ ታወጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ» አሉ። ታወጡኛላችሁ ሲሉ እኔንም ቈጥረውኛል። አልተሳሳቱም።

እዚህ ላይ «ታዲያ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ እየተምታታ ዝም ይባል ኖሯልን?» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ ጥያቄው የሚገባ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 በቍጥር 14 በዕውር ፊት መሰናክል እንዳይኖር ታዝዞአል፤ ወዲያው በቍጥር 15 ደግሞ በፍርድ ለድሀም ሆነ ለባለጸጋ እንዳይዳላ ታዝዞአል። ሁለቱ ትእዛዛት ጐን ለጐን የተቀመጡት አንዱ ሌላውን ሳይሽር እንድንይዛቸው ነው። በእጁ የሚሰርቀውን መሸፈን ርኅራኄ አይባልም፤ የተበደለውን ሌላውን ባልደረባ መጨከን ነው። የቄሱም ሒሳብ መስተካከል ነበረበት፥ ተስተካከለም። ጠረጴዛቸው መስኮቱ በጐን በኩል እንዲሆን ዞረ፤ ገንዘቡን እርሳቸው ሲቀበሉ ቍጥሩን አንድ ወጣት ዲያቆን እንዲጽፍ ተደረገ፤ እርሳቸውም ወደ ዓይን ሐኪም ተወሰዱ። የዓይን ሞራ ነው ተባለ። ይህ ደዌ በሀገራችን ሰውን ዓይነ ስውር ከሚያደርጉት ምክንያቶች ቀዳሚው ሲሆን በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። እርሳቸውም ከጥቂት ወራት በኋላ ታክመው ብርሃናቸው ተመለሰላቸው። ከአራት እርምጃ ማዶ «ምነው?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፥ ይህ ሁሉ ከሦስት ወር በፊት ይደረግ ነበር።

የደብዳቤውን ነገር ግን አልጨረስሁም። ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ ከመዝገብ አይወጣም። ስለዚህ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በፊተኛው የጻፍሁት ስሕተት መሆኑን፥ ሳልጠይቅ መፍረዴንም ገለጽሁ፤ ቁጥር አሰጥቼ ከፊተኛው ጋር እንዲያያዝ አደረግሁ። ቄሱ ገና አልታከሙም ነበርና ግልባጩን ይዤ በምሽት ወደ ቤታቸው ሄድሁ፤ ለእርሳቸው ሳይሆን ለሴት ልጃቸው ሰጠኋት። ልጅቱ ወደ መብራቱ ቀርባ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው ድረስ ሳታቋርጥ አነበበችላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።